የእንግዳ መኪና

«ስምንት ዓመት አሜሪካ ኖረሽ፣ ኮሮላ?»

ይህችን ጥያቄ የወረወሩት የአንዷ ባልደረባችን አክስት ናቸው። ቦታው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፤ ዕለቱ እሑድ፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ልጅት ልትገዛት ያሰበቻትን ኮሮላ በስልኳ ለዘመድ አዝማድ ልታሳይ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ፣ የ72 ወሩ ዕዳ፣ የቀረው ሠርግ፣ የእኛ ጭቅጭቅ፣ ይሄ ጽሑፍም ጭምር፣ ከዚያች አንዲት ጥያቄ የመጣ ነው።

እኛ እዚህ ገጽ ላይ የምንጽፈው ስድስት ነን። ስድስታችንም ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ተበትነን ነው የምንኖረው። ሦስታችን ኮሮላ ወይም ሲቪክ እንነዳ ነበር፣ ሁለታችን ካምሪ ነበረን፣ ስድስተኛው ደግሞ በባቡር እየሄደ በሁላችንም ላይ ይስቃል። በፖለቲካ ተጣልተን እናውቃለን። በእግር ኳስ ተኮራርፈን ሁለት ሳምንት ሳንነጋገር ቆይተን እናውቃለን። እንደ ኮምፓክትና ሚድሳይዝ ያጨቃጨቀን ነገር ግን የለም። በመጨረሻ ተስማማን፤ የተስማማንበትን ነገር ደግሞ ይሉኝታ ይዞን አንደብቀውም። የእኛ ሰው ትልቁን ሰዳን የሚገዛው ለራሱ አይደለም። ለእንግዳ ነው።

ትቆጡ ይሆናል። እስቲ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ሳሎን አስታውሱ። አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጥግ ላይ ባለመስታወት ቡፌ አለ። ቡፌው ውስጥ አፋቸው በወርቅማ ቀለም የተከበበ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ሶፋው ዳንቴል ለብሷል። እኛ ልጆቹ ያንን ብርጭቆ ነክተነው አናውቅም፤ በፕላስቲክ ኩባያ ውኃ እየጠጣን፣ ሶፋው እንዳይቆሽሽ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ነው ያደግነው። ለምን ሲባል፣ ለእንግዳ። እንግዳው ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ መጥቶም «አልቀመጥም፣ እቸኩላለሁ» ብሎ ይሄዳል። ቤቱ ውስጥ ያለው ምርጥ ነገር ሁሉ ቤቱ ውስጥ ለማይኖር ሰው ነበር። እናቶቻችንን እየወቀስን አይደለም፤ በዚያ ቡፌ ውስጥ የነበረው ክብር ነው። ግን ያ ቡፌ አራት ጎማ አውጥቶ አሜሪካ ድረስ ተከትሎን መምጣቱን እያየን ዝም ማለት አልቻልንም።

ትልቁን የሚደግፉ ወዳጆቻችን መጀመሪያ የሚያነሱት ነገር ምን እንደሆነ ገምቱ። ዳላስ ኤርፖርት! «እናቴ ስትመጣ በምን ላመጣት ነው?» ይላሉ። እውነት ነው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ሲገባ የዳላስን የመውጫ በር ያየ ሰው ይሄን ጥያቄ አይንቅም። እያንዳንዱ እንግዳ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ሻንጣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ነው፣ ሌላው ለማናውቀው ሰው አድርሱልን የተባለ አደራ ነው። ሁለት ሰው ከመጣ አራት ሻንጣ። እሺ፣ እንለካው። የኮሮላ ሰዳን የኋላ ኮፈን 13.1 ኪዩቢክ ጫማ ይይዛል፣ የካምሪ 15.1። ልዩነቱ ሁለት ኪዩቢክ ጫማ ነው፤ በሊትር 57 ገደማ። አንድ ትልቅ የጉዞ ሻንጣ ብቻውን ከዚህ በላይ ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ለአራት ሻንጣ ኮሮላም አትበቃም፣ ካምሪም አይበቃም! ለአራት ሻንጣ የሚበቃው የአጎትህ ሚኒቫን ነው፣ ወይም በዓመት አንድ ቀን የሚከራይ ትልቅ መኪና። ለዚያች አንዲት ቀን ብሎ ስድስት ዓመት ዕዳ የሚከፍል ሰው ቡፌ ገዛ እንጂ መኪና አልገዛም።

«ትንሽ» እና «መካከለኛ» የሚሉትን ቃላትም እንያዛቸው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ መኪና ኮምፓክት ወይም ሚድሳይዝ ተብሎ የሚመደበው በግርማ ሞገሱ አይደለም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሰው የሚቀመጥበትንና ዕቃ የሚጫንበትን ቦታ ለክቶ ይደምራል። ድምሩ ከ100 እስከ 110 ኪዩቢክ ጫማ የሆነ ሰዳን ኮምፓክት ይባላል፤ ከ110 እስከ 120 የሆነ ሚድሳይዝ። በዚህ መለኪያ ኮሮላ 102 አካባቢ ስለሆነች ኮምፓክት ናት። አሁን ይሄን ስሙ፦ ሁላችንም «ትንሿ» የምንላት ሲቪክ ሰዳን፣ ከ2022 ሞዴል ጀምሮ ያለችዋ፣ ወደ 114 ስለምትጠጋ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሚድሳይዝ ናት። አክስታችን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ሌላም አለ። ኮሮላ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ካምሪ በራሱ ስም ራሱን ችሎ የወጣው በ1982። ያ የመጀመሪያው ካምሪ ርዝመቱ አራት ሜትር ተኩል አይሞላም ነበር። የዛሬዋ ኮሮላ ሰዳን 4 ሜትር ከ63 ሳንቲሜትር ናት። ማለትም ዛሬ «ትንሽ» ተብላ የምትናቀው መኪና የትናንቱን «ትልቅ» በቁመት ትበልጠዋለች። መኪኖቹ በየአምስት በየስድስት ዓመቱ ወፈር፣ ረዘም እያሉ ሲሄዱ ስማቸው ግን እዚያው ቀረ፤ እኛም በስሙ እያፈርን እንኖራለን።

ደግሞስ ኮሮላን መናቅ የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው? አዲስ አበባ ላይ ዲኤክስ ማለት ምን ማለት እንደነበር የማያውቅ አለ? ዲኤክስ ኮሮላ ናት! ሙሽራ በእሷ ሄዷል፤ ወላድ በእሷ ሆስፒታል ደርሳለች፤ እኛ ራሳችን አባት ከፊት፣ እናት ሕፃን ታቅፋ፣ አምስት ልጅ ከኋላ ተደራርበን ሶደሬ ወርደንባታል። ዲኤክስ ያለው ሰው በሰፈሩ «ባለመኪናው» ይባል ነበር፣ ሌላ ስም አያስፈልገውም። የዲኤክስ የልጅ ልጅ ከእሷ ሰፍታ፣ ከእሷ ረዝማ፣ አየር ማቀዝቀዣና የኋላ ካሜራ ይዛ ስትመጣ ግን አንገት ታስደፋለች። አንድ ሰው ብቻውን እየነዳት! የኋላው ወንበር ላይ የጂም ቦርሳ ብቻ ተቀምጦ!

ወደ ገንዘቡ እንሂድ፤ ወሬው እዚህ ላይ ይጠፋልና።

የ2025 ሞዴል ካምሪ ሲወጣ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ኤል.ኢ. የሚባለው፣ የፋብሪካ መነሻ ዋጋው 28,400 ዶላር ነበር። የዚያው ዓመት ኮሮላ ሃይብሪድ ኤል.ኢ. 23,825። የማጓጓዣው፣ የታክሱና የሻጩ ቅመማ ቅመም ከዚህ ውጭ ነው። ልዩነቱ 4,575 ዶላር ይሆናል። በቁመት ደግሞ ሁለቱ የሚለያዩት በ28 ሳንቲሜትር ነው። ከመካከላችን ሒሳብ የሚወደው ልጅ ወዲያው አካፈለና አንዱ ሳንቲሜትር 163 ዶላር ነው አለን። 28 ሳንቲሜትር ማለት እኮ ግማሽ እንጀራ ነው! ያቺ ግማሽ እንጀራ ደግሞ ዩ ስትሪት አካባቢ ዓርብ ማታ ፓርኪንግ ስትፈልጉ ታገኟታላችሁ፤ ኮሮላ የምትገባበት ክፍተት ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ ከኋላ ያለው ሰው ክላክስ እያስጮኸባችሁ፣ ሦስተኛ ዙር ለመዞር ስትነሱ።

4,575 ዶላር በአንዴ ሲሰሙት ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ማንም በአንዴ አይነግራችሁም። በ9 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ሲዘረጋ በወር 82 ዶላር ብቻ ይሆናል። «82 ዶላር ምን አላት?» ይባላል። እኛ እንንገራችሁ፣ ብዙ ነገር አላት። ስንቶቻችን ነን ለእናት በየወሩ የምንልከውን ስንቆርጥ «በዚህ ወር ትንሽ ጠብቦኛል» ብለን በቫይበር የምናወራው? የጠበበን ምን እንደሆነ እናት ብታውቅ ምን ትላለች? ልጄ ግማሽ እንጀራ መኪና ገዝቶ ነው የጠበበው ትላለች?

ፍርደ ገምድል እንዳንባል፣ ትንሿን የሚደግፉ ሰዎች የሚሉትንም እንንካ፤ ከእነሱም ግማሹ ያረጀ ወሬ ነው የሚያወራው። «ትንሿ ነዳጅ ትቆጥባለች» ይላሉ። ይሄ የድሮ ታሪክ ነው። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ካምሪ የሚወጣው በሃይብሪድ ብቻ ነው፤ ኤል.ኢ.ው በአንድ ጋሎን በአማካይ 51 ማይል ይሄዳል። ኮሮላ ሃይብሪድ 50። አዎ፣ ትልቁ በአንድ ማይል ይበልጣል! ስለዚህ በነዳጅ የሚከራከር ሰው ይቀመጥ፣ ክርክሩ ሞቷል። ሌላው «ካምሪ ጉልበት አለው» የሚለው ነው። እሱም እውነት ነው፤ ባለፊት ጎማው 225 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ኮሮላ ሃይብሪድ 138። ግን ወገኖች፣ ዲሲ በ2020 የሰፈር መንገዶችን የፍጥነት ወሰን በሰዓት 20 ማይል አድርጋለች፤ በየማዕዘኑ ደግሞ ካሜራ ተክላለች። 225 ፈረስ አስሮ በ20 ማይል መንፏቀቅ ከሆነ ደስታው፣ ይመችህ። በቤልትዌይ ላይ ከመኪኖች መካከል ስትገባ የሚረዳ ጉልበት እንደሆነ አንክድም። ግን ሁላችንም የምናውቀው ቤልትዌይ በ5 ሰዓት ተኩል፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ የቆመ ነው።

አንድ ክርክር ግን አለ፤ በእሱ ላይ አንቀልድም። ደኅንነት። የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚያቋቁሙት የመንገድ ደኅንነት ተቋም በየጊዜው የአሽከርካሪዎችን ሞት በመኪና ዓይነት ያሰላል፤ በአጠቃላይ ትንንሽ መኪኖች ላይ የሚሞተው ሰው ከትልልቆቹ ይበዛል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ከባድና ቀላል ሲጋጩ ቀላሉ ነው የሚጎዳው። ኮሮላ ሃይብሪድ 2,850 ፓውንድ ገደማ ስትመዝን ካምሪ 3,450 አካባቢ ነው፤ 600 ፓውንድ ቀላል አይደለም። ልጆች ያሏት፣ በየቀኑ ከፍሬድሪክስበርግ ወደ ዲሲ በጭነት መኪኖች መካከል የምትመላለስ እኅታችን «እኔ ብረቱን እፈልጋለሁ» ብትለን አፋችንን እንይዛለን። እንዲያውም እንመክራታለን፦ ሦስት ዓመት የተነዳ ካምሪ በአዲስ ኮሮላ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች ፈልጊ፣ ሰው አስመርምሪና ግዢው። ያ ለራሷና ለልጆቿ የተገዛ መኪና ነው፤ የእንግዳ አይደለም።

ነገር ግን «ደኅንነት» የሚለው ቃል በስንቱ አፍ እንደሚነገድበት አይተናል። አንድ ወዳጃችን በዚሁ ክርክር አሸንፎን ትልቁን ገዛ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዝናብ ቀን አብረን ስንሄድ መኪናው ቀይ መብራት ላይ አልቆም አለ፤ ተንሸራቶ መስቀለኛው መንገድ መሃል ደረሰ። ወርደን ጎማዎቹን ስናይ እንደ ሕፃን ተረከዝ ለስልሰዋል። ለምን አልቀየርክም ስንለው «በዚህ ወር ፔይመንቱ…» አለ። ደኅንነት የሚባለው 600 ፓውንድ ብረት ብቻ አይደለም፤ ጎማና ፍሬንም ነው፣ እነሱን የሚገዛው ደግሞ የተረፈ ገንዘብ ነው። ኮሮላም ብትሆን ከ2017 ሞዴል ጀምሮ ከፊት ያለ መኪና ሲቃረብ በራሷ ፍሬን የምትይዝበትን መሣሪያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዛ ነው የምትወጣው። የዲኤክስ ዘመን ቆርቆሮ አይደለችም።

ሌላም ሰው አለ፣ ከዚህ ክርክር ውጭ የምናደርገው፦ በመኪናው እንጀራ የሚበላ። ታክሲም ይሁን ኡበር፣ በቀን አሥር ሰዓት የሚነዳ አባት፣ ሦስት ጎልማሳ መንገደኛ ከኋላ የሚጭን፣ ለእሱ የኋላ ወንበር ቢሮው ነው። በካምሪ የኋላ ወንበር ለእግር የተተወው ቦታ 38 ኢንች ነው፤ በኮሮላ 34.8። ሦስት ኢንች ለእኛ ምንም አይደለችም፤ ለእሱ ግን ከፍ ያለ ሒሳብ የሚከፍለውን ደረጃ ማግኘትና አለማግኘት ናት፤ የደንበኛው ጉልበትና ኮከብም ናት። ስንቱን ቤተሰብ ያቆመ፣ ስንቱን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባ መኪና ነው። እኛ የምንጣላው ቢሮው ሌላ ቦታ ሆኖ፣ ብቻውን እየነዳ፣ የኋላ ወንበሩን በፕላስቲክ ሸፍኖ ከሚያስቀምጠው ጋር ነው። (አዎ፣ ፕላስቲኩን ያልላጠ አለ። ስም አንጠራም።) ለእግር ቦታ የሚጨነቅ ረጅም ሰው ካለም መልሱ ቅርብ ነው፤ ቅድም ያልናት ሲቪክ 37.4 ኢንች አላት። ከካምሪ የምታንሰው በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ነው።

አሁን ወደ ባልደረባችን እንመለስ። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ። እንድንጽፈው ፈቅዳልናለች፤ የመኪናውን ቀለም እንዳንናገር ብቻ አስምላናለች።

ጊዜው 2022 ነው። በቺፕ እጥረት ምክንያት አዲስ መኪና የጠፋበት፣ ሻጮች በዋጋው መለያ ላይ ሌላ ሺህ ዶላሮች የሚለጥፉበት ጊዜ። ከቡናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አንድ ሻጭ ሄደች፤ ኮሮላ አልነበራቸውም፣ ካምሪ ነበራቸው። ሻጩ ልጅ ሥራውን ያውቃል። ስለ ዋጋው ስትጠይቀው ስለ ወሩ ይመልሳል። «በወር ስንት ትችያለሽ?» ብሎ ጀመረ። 450 አለች። ወረቀት ይዞ ወደ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። አለቃውን ለመነላት። ቡና ሰጣት። በስድስተኛው ሰዓት ላይ፣ ርቧት፣ ደክሟት፣ ጆሮዋ ውስጥ የአክስቷ ድምፅ እየጮኸ፣ ፈረመች። 33,000 ዶላር ብድር፣ 11 በመቶ ወለድ፣ 72 ወር። በወር 628 ዶላር። ሁሉም ተከፍሎ ሲያልቅ ከ45,000 በላይ ነው። ያንን የመጨረሻ ቁጥር ያገኘችው ቤቷ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ራሷ ስትደምር ነው። የፈረመችው ወረቀት ላይ ግን ተጽፎ ነበር፤ አራተኛው ገጽ ላይ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ሄደች። ፓርኪንጉ ላይ «እንኳን ደስ ያለሽ!» ጎረፈ። አክስት እልል አሉ። ደስታው ስንት ጊዜ ቆየ መሰላችሁ? እሷ እንደምትለው አራት እሑድ። ከዚያ በኋላ ማንም አላየውም። ከአምስተኛው እሑድ ጀምሮ እሷ ብቻ ነች የምታየው፣ በየወሩ በአሥራ አምስተኛው ቀን።

ቅዳሜ ሌላ ሥራ ያዘች። በ2024 ጥር እኅቷ ሐዋሳ ላይ አገባች። ትኬቱን ሦስት ጊዜ ፈልጋ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። ሠርጉን ያየችው በስልክ ነው፤ አፓርታማዋ ውስጥ ኢንተርኔቱ ስለደከመ ወደ ፓርኪንግ ወርዳ፣ ካምሪው ውስጥ ተቀምጣ። እኅትየዋ በካሜራው «መኪናሽን አሳዪን!» አለቻት። ዞራ አሳየቻቸው። ሐዋሳ ላይ ሙሽሮቹ አጨበጨቡ።

ልትሸጠው ስትወስን ገና 24,000 ዶላር ገደማ ዕዳ ነበረባት፤ መኪናውን የሚገዙት ደግሞ 20,000 ነው ያሏት። መኪና ከሱቁ ወጥቶ ከተነዳ በኋላ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል፤ ረጅም ብድር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚበላው ወለድ ብዙ ስለሆነ ዕዳው እንደ ዋጋው አይወርድም። በመካከላቸው ያለው ገደል ውስጥ የሚገባው ባለቤቱ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ፤ ይሄኛው ወርቅ ደግሞ የባንክ ነው። አራት ሺውን ለመሙላት የስድስታችን እቁብ ቀድማ እንዲደርሳት አደረግን። (ባቡረኛው ባልደረባችን ተራው ነበር፤ ሳያጉረመርም ለቀቀላት፣ ለአንድ ወር ግን ሲስቅባት ኖረ።) በቀረው ቁጠባዋ 2017 ኮሮላ በካሽ ገዛች። ጎኗ ትንሽ ተጭሯል። ዕዳ የለባትም።

እዚህ ላይ ስለ አክስት አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ኃጢአት ይሆንብናል። ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አክስታችን ሃያ አንድ ዓመት አሜሪካ ኖረዋል። ሁለት ልጅ አስተምረዋል፣ ቤታቸውን ከፍለው ጨርሰዋል። የሚነዱት የ2009 ኮሮላ ነው። ይሄን ያወቅነው እኛ ነን፤ ቤታቸው በራፍ ላይ ቆሞ እያለ ስንት ጊዜ አልፈነው ገብተን ቡና ጠጥተናል። ደፍሮ የጠየቃቸው ባቡረኛው ነው። «እማማ፣ እርስዎስ ታዲያ?» አላቸው። «እኔማ ምን ልሁን ብዬ፣ እኔን ማን ያየኛል?» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ ሣቁ።

እንግዲህ ይሄው ነው ነገሩ። አክስታችን ለራሳቸው ሲሆን ትክክለኛውን መኪና ያውቁታል። ሃያ አንድ ዓመት የገነቡት ቤት በዚያች መኪና ነው የተገነባው። ለልጃቸው ሲሆን ግን ቡፌውን ከፈቱ። ክፋት አይደለም፣ ፍቅር ነው፤ ልጃቸው እንድትታይ ፈለጉ። በየቡናው፣ በየሠርጉ፣ በየፓርኪንጉ «ኮሮላ?» የምንል እኛ ሁላችን ይሄንኑ ነው የምናደርገው፤ የማንከፍለውን ዕዳ በአንዲት ቃል እያስፈረምን። ከእኛም መካከል ቢያንስ ሦስታችን ብለናታል። አንደኛው ይሄን ጽሑፍ እየጻፈ ነው።

ስለዚህ ልትገዙ ያሰባችሁ፦ ሻጩ ስለ ወሩ ሲያወራችሁ ስለ ጠቅላላው ጠይቁት፤ ከመሄዳችሁ በፊት ብድሩን ከባንክ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን አስፈቅዱ፤ ርቧችሁ አትፈርሙ። ያለፈውን አንድ ወር አስቡና ከኋላ ወንበራችሁ ላይ ስንት ጊዜ ሰው እንደተቀመጠ በጣታችሁ ቁጠሩ። ከአንድ እጅ ጣት ካላለፈ ትንሿን ግዙ። የማትገዙት ደግሞ ሰው ፎቶ ሲያሳያችሁ «መልካም ዕድል ያድርግልህ» በሉና ቡናችሁን ጠጡ።

ባለፈው ወር የባልደረባችን እናት ከአዲስ አበባ መጡ። ዳላስ የሄድነው በዚያችው በተጫረችው ኮሮላ ነው፤ አክስትም አብረውን ነበሩ። ሁለቱ ሻንጣ ከኋላ ኮፈን ገባ፤ ትንሽ ገፋ ተደርጎ፣ ግን ገባ። የበርበሬው ፌስታል አክስት ጭን ላይ ሆነ። እናትየው ከፊት ተቀመጡ፣ ቀበቷቸውን ልጃቸው አሰረችላቸው፤ ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና «የአባትሽን ዲኤክስ አስታወሰችኝ» አሉ። የኤርፖርቱን መንገድ ሳንጨርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አክስት ከኋላ ሆነው «ቀስ ብለሽ ንጂ፣ እንዳትቀሰቅሻት» ይላሉ፣ በርበሬውን እንደ ሕፃን ታቅፈው።